ክዳን አይነከስም

አክስቷ የመጣችው ፒንሳ በጎማ ቤቱ ውስጥ የጭነት መኪና ጎማ ከቸርኬው ለማላቀቅ በብረት ስትታገል ነው። በሩ ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች። ፒንሳ ቀና ብላ አየቻትና ብረቱን ሳትለቅ፣ «ይግቡ፣ አክስቴ። ዘይት ፈሷል፤ እንዳያዳልጥዎ» አለች።

ድሮ «አንቺ» ነበር የምትላት። እጇ ላይ ያደገች፣ ከልጇ ጋር ከአንድ ሳህን የበላች ልጅ አክስቷን «አንቺ» ብትል የሚገርመው አልነበረም። አባቷ ከእሽቅድምድም ሜዳው ከተባረረ ወዲህ ግን «እርስዎ» አለቻት። ጎረቤት ሲሰማ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት ይላል። አክስቷ ግን ያ «እርስዎ» የተቆለፈ በር መሆኑን ታውቃለች፤ በመጣች ቁጥር ታንኳኳዋለች።

«ለልመና ነው የመጣሁት፣ ልጄ።»

«እኔን?»

«አባትሽንማ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«አባቴ ዓይኑ ደህና ነው። ደክሟል ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

አክስቷ ይህችን ዋጠቻት። ባዶ ጎማ ላይ ተቀመጠችና ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች። «ያ ልጅ አዲስ መኪና ይዟል። ፈጣን ነው ይላሉ፤ እኔ የማውቀው እንደሚጮህ ብቻ ነው። ጎማ ይበላበታል፤ መሪ አልታዘዝ ይለዋል። በተከታታይ ተሸንፏል። የቀረው የመጨረሻው ውድድር ብቻ ነው። እሱን ካሸነፈ ትልቁ ቡድን ይወስደዋል፤ ካልሆነ ቤቱ ተቀምጦ ግድግዳ ሊቆጥር ነው። ንፋሱን የሚያስተካክልለት ሰው አጣ።»

«ንፋስ ምን ጠፋ! ውጭ ሞልቷል።»

«አትቀልጂብኝ፣ የኔ እናት። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባል የለ?»

«አመዱን እኮ ለእኛ ትታችሁልን ነው የሄዳችሁት።»

ውጭ መኪና እያለፈ ጥሩምባ ነፋ። ፒንሳ ብረቱን ተጫነችው፤ ጎማው በመጨረሻ ጧ ብሎ ከቸርኬው ተላቀቀ። እሷም ከዚህ በኋላ ቀና ብላ፣ ላቧን በክርኗ ጠርጋ፣ «ይምጣ» አለች።

«እሺ አልሽኝ?»

«ለልምምድ በሚወጣበት ቀን ሜዳው ላይ አገኘዋለሁ።»

አክስቷ ተነሥታ ትከሻዋን ሳመቻት፤ መረቀቻት፤ እያለቀሰች ወጣች። ፒንሳ ምርቃቱን ስትቀበል ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ነበር። ከማጣበቂያዎቹ ኋላ አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ አለች።

ጣሳዋ ውስጥ ያሉት ሦስት የቫልቭ ክዳኖች ናቸው። ጎማ ንፋስ የሚሞላበት ጫፍ ላይ የሚጠመዘዙ፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ ጥቁር ፕላስቲኮች። ማንም ቢያያቸው ይጥላቸዋል።

ያክስቷ ልጅ «ጥይቱ» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣው እሱው ራሱ ነው፤ በመኪናው በር ላይም አጽፎታል። ለእሷም «ፒንሳ» የሚለውን ያወጣላት እሱ ነው፤ ልጅ ሆና አንዴ የያዘችውን ነገር ጣቷን ካልፈለቀቁ ስለማትለቅ። ጥይቱ ደግሞ የራሱ አመል አለው። ንፋስ ሲለካ ወይም ሲያስተነፍስ ክዳኑን ፈትቶ በጥርሱ ይይዘዋል፤ ሲጨነቅ ይነክሰዋል። የሜዳው ሰዎች «አባ ንፋሱ» የሚሉት የፒንሳ አባት ይህን የእህቱን ልጅ ሥራ ሲያስተምር ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኾበታል። «ክዳን አይነከስም! አፍህ ኪስ ነው እንዴ?» ጥይቱ ይሥቃል፤ ክዳኑን ከአፉ ያወጣል፤ ወዲያው መልሶ ይከተዋል።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ የመዝጊያ ውድድር ነው። አባ ንፋሱ ጠዋት በጥላ ውስጥ፣ ጎማዎቹ ቀዝቃዛ ሳሉ፣ ንፋሱን ሰጣቸው። ጎማ ሲሮጥ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ንፋስ ኃይሉ ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት ጎደል አድርገው ይሰጡታል፤ የቀረውን ሩጫው ይሞላዋል። ጥይቱ ለማሟሟቂያ ወጥቶ ተመለሰና ቢለካ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ለስላሳ ጎማ መሬት ይይዛል ብሎ ስለሚያምን ደነገጠ፤ ከድንኳኑ ኋላ አዙሮ፣ ሰው ሳያየው፣ አስተነፈሰው። ከዚያ በሜዳው ልማድ የክብር እንግዳው ንግግር ረዘመ። መኪኖቹ በመነሻው መሥመር ላይ ተደርድረው ቆሙ፤ ጎማዎቹ ቀዘቀዙ፤ በሙቀት ተቀንሶ የነበረው ንፋስ በብርዱ ደግሞ ወረደ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ አንዱ የፊት ጎማ ከቸርኬው ተላቀቀ። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ባንዲራ ያዡን መታና እግሩን ሰበረው።

የቀሩት ጎማዎች ሲለኩ ጎድለው ተገኙ። ማን ሞላቸው ተባለ። ጥይቱ አጎቱን ሳያይ፣ «አጎቴ ነው። ምን ላድርግ፣ ዓይኑ ደክሟል፤ መለኪያ አያነብም» አለ።

ፒንሳ በዚያ ግርግር መሀል ከሦስቱ ጎማዎች ክዳኖቹን ፈትታ ያዘች። ሦስቱም ተነክሰዋል። ለአባቷ አሳየችው። አባቷ አየና እጁን አወናጨፈ። «ተይው። የእህቴ ልጅ ነው።» ከአባቷ ተደብቃ ወደ ዋናው ዳኛ ሄደች። ዳኛው ዝናብም ቢሆን ፀሐይም ቢሆን ዣንጥላ የማይለየው፣ ቃሉ ቁጥብ የሆነ ሽማግሌ ነው። ክዳኖቹን አገላብጦ አየና፣ «የማን ጥርስ መሆኑን በምን አውቃለሁ? መቼስ እንደተነከሰ? አባትሽ ራሱ እኮ አልተከራከረም» ብሎ መለሰላት።

አባ ንፋሱ የመግቢያ ባጁን አስረከበ፤ መለኪያውን ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። መኪና ሲያልፍ፣ «የኋላ ግራው ጎድሎታል» ይላል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለማንም ሳይሆን። ሰሚው ፒንሳ ብቻ ናት። በሰማች ቁጥር ጣሳዋ ትዝ ትላታለች።

የልምምዱ ቀን ጠዋት ብርድ ነበር። ጥይቱ መኪናውን ከተሳቢው ሲያወርድ ደረሰች። ዝቅ ያለች፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ናት። ፒንሳ እያየቻት ሳታስበው አፏ ተከፈተ፤ ወዲያው ዘጋችው።

«ፒንሳ! መጣሽልኝ!» እጁን ዘረጋ። «ያለፈው አልፏል፣ አይደል እህቴ?»

«ላንተማ አልፏል። ምን ይሰማሃል ስትነዳት?»

«ኩርባ ላይ አፍንጫዋ እምቢ ይላል። መሪውን አዞራለሁ፤ እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ግትር! ልክ እንዳንቺ።»

«ስንት ንፋስ ይዛለች?»

«በብርድ ሃያ ሁለት። ለስላሳ ጎማ ይይዛል።»

ፒንሳ ከኪሷ ጠመኔ አውጥታ በየጎማው ላይ፣ መሬት ከሚነካው ፊቱ ጀምራ በትከሻው አልፋ እስከ ጎኑ ድረስ መሥመር አሰመረች። «ጥቂት ዙር በደንብ ሩጥ። ስትገባ ቀስ እያልክ እንዳታበርዳቸው፤ እንደሮጥክ ግባ።»

ሲመለስ ሞተሩ ሳይጠፋ ተንበረከከች። ሜዳው የሚበዛው የቀኝ ኩርባ ስለሆነ ክብደቱን የሚሸከመው የፊት ግራው ነው፤ ከእሱ ጀመረች። ንፋሱን ለካች። ቀጥላ የሙቀት መለኪያዋን መርፌ በጎማው ፊት ላይ ከውስጥ በኩል፣ ከመሀል፣ ከውጭ በኩል ወጋች። ሁለቱ ጠርዞች ይፋጃሉ፤ መሀሉ ለብ ብሏል። የጠመኔው መሥመር ትከሻውን አልፎ እስከ ጎኑ ድረስ ተፍቋል።

«ና እይ» አለችው። «መሀሉ ሥራ ፈቷል። ጎማው እየታጠፈ ነው፤ አንተ የምትነዳው በጉንጩ ነው። ለስላሳ ጎማ ይይዛል፤ የተነፈሰ ጎማ ይተኛል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።»

«አጎቴም እንዲህ ይል ነበር» አለና አቀረቀረ።

ጎማዎቹን በጥላ አቀዝቅዛ ንፋስ ጨመረች፤ ሆን ብላ አበዛችው። አሁን በተቃራኒው መሀሉ ፋመ፤ ጠርዞቹ ቀዘቀዙ፤ መኪናዋ እንደ ሳሙና ተንሸራተተች። ቀነሰች። እንደገና አቀዘቀዘች፤ እንደገና ላከችው። እንዲህ ከላይም ከታችም እያጠበበች መጣች። ፀሐይ ጎማዎቹ ላይ እንዳታርፍ የድንኳኑን ሸራ እያዞረች ትከልላለች፤ አንዱን ጎን ፀሐይ ሌላውን ጥላ ከነካው ልኬቱ ይዋሻል። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ሙቀቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተመጣጠነ፤ የጠመኔው መፋቅ የትከሻው አፋፍ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። በብርድ ሃያ ስድስት የተሰጠው የፊት ግራ ጎማ ሲሮጥ ሠላሳ ሦስት ገባ። ቀኙ አንድ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ሙቀቱ ስለሚያንሰው።

ጥይቱ የራስ ቁሩን አውልቆ ወጣ፤ ፊቱ በርቷል። «ይቺ ናት! ገና ሳስበው ትዞራለች! ፒንሳ፣ ምን ጉድ ነሽ!»

ፒንሳም ለአንድ አፍታ ደስ አላት፤ የሥራ ደስታ ነው፣ ሰው አይመርጥም። በራሷ ተናደደች። «ይምጣ» ያለች ቀን ያሰበችው ሌላ ነበር፤ የተሳሳተ ቁጥር ልትሰጠው ነበር ያሰበችው። አሁን ግን መዳፏ ትኩሱ ጎማ ላይ እንዳለ እንደማትችለው ገባት። የተሳሳተ ንፋስ ከሰጠችው አባቷ ላይ የተወራው ሁሉ በእሷ እጅ እውነት ይሆናል።

ጥይቱ መለኪያውን ተቀብሎ እሱም ለካ። ክዳኑን ፈታና፣ አመሉ ነውና፣ በጥርሱ ያዘው። «ሠላሳ ሦስት…» አለ በክዳኑ መሀል። ግንባሩ ተቋጠረ። «አልበዛም? ያኔም እኮ አጎቴ ከመጀመሪያው አብዝቶት ነው እንጂ…»

አቋረጠው። ፒንሳም አልጠየቀችውም። አጎቱ መለኪያ አያነብም ያለውን የገዛ ውሸቱን ደጋግሞ አውርቶት አምኖታል ማለት ነው፤ ዛሬም ያስተነፈሰው ልክ ነበር ብሎ ያስባል። ክዳኑ ጥርሱ መሀል ሲገላበጥ አየችው። ምን ማድረግ እንዳለባት ያኔ ገባት። ምንም ማድረግ የለባትም።

«እውነቱን ነው የነገርሽኝ?» አላት።

«አባቴ ይሙት። በብርድ ሃያ ስድስት፣ ሞቆ ሠላሳ ሦስት። ከፍ ብሎ ስታየው እንዳትነካው።»

እንዲህ ብላው ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ሆን ብላ ነው የሰጠችው። ጥይቱ ክዳኑን ከአፉ አውጥቶ አያት፤ ከዚያ መለኪያውን አየ፤ መልሶ እሷን አየ።

ቤት ስትገባ አባቷ መስኮቱ አጠገብ ነበር። ሳይዞር፣ «እጅሽ የሜዳ ጎማ ይሸታል» አላት።

ነገረችው፤ የት እንደዋለችና ለማን እንደሠራች። ትከሻው ሲወርድ አየች።

«ሞተሩ የት ነው?»

«ከኋላ።»

«ጠዋቱ እንደ ዛሬው ብርድ ከሆነ… የፊት ግራ ሃያ ስድስት?»

«ሃያ ስድስት፣ አባዬ።»

«ተባረኪ!» ወደ እሷ ዞረ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ሲሥቅ አላየችውም። «ከንፋሱ ይልቅ ደስ ያለኝ ሌላው ነው። ቂም የያዘ ሰው እንቅልፍ የለውም። መተውሽ ደግ አደረግሽ።» ተነሥቶ መለኪያውን ከግድግዳው ላይ አወረደ፤ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። «የውድድሩ ቀን በዚህ ለኪለት። እኔ ባልኖርም እጄ ይኑር።»

ፒንሳ መለኪያውን ተቀበለች። ቂሙን እንዳልተወችው ልትነግረው ይገባት ነበር፤ አልነገረችውም።

በውድድሩ ጠዋት መጀመሪያ የሄደችው ዳኛው ዘንድ ነው። ዣንጥላውን ዘርግቶ የአስፋልቱን ጠርዝ ይመረምር ነበር።

«ንፋስ ስሰጥ እርስዎ ቆመው ይዩልኝ» አለችው።

«ይኼ ደግሞ ከመቼ ወዲህ የመጣ ነው?»

«አባቴ ላይ የደረሰው እኔ ላይ እንዳይደርስ ነው።»

ዳኛው ትንሽ አሰላሰለና ተከተላት። አራቱን ጎማ በጥላ ውስጥ ሞላች፤ እያንዳንዱን ቁጥር ዳኛው ጎንበስ ብሎ በዓይኑ አነበበ። በመጨረሻም ያልተከፈተ ጥቅል ከኪሷ አውጥታ ፊት ለፊቱ ቀደደችውና አራት አዲስ ቀይ ክዳኖች አጠለቀች። ጥይቱ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

«ስማኝ» አለችው፣ ዳኛው እየሰማ። «ከማሟሟቂያው ስትመለስ ቁጥሩ ወደ ሠላሳ ሦስት ተጠግቶ ታገኘዋለህ። ልኩ እሱ ነው። አትንካው። ንግግሩ ሲረዝም ይቀዘቅዛል፤ ስትሮጥ ተመልሶ ይመጣል።»

«ሰማሁ፣ እመቤቴ» አለና እጅ ነሣት፤ የከበቡት ሣቁ። ዓይኑ ግን አልሣቀም። ከንፈሯን ነበር የሚያየው።

ከዚያ ወደ ሦስተኛው ኩርባ ሄደች። ባንዲራ ያዡ ወንበሩን ዘርግቶ እግሩን ያሻል።

«ይቺ እግሬ ከሬዲዮ ትበልጣለች» አላት። «ዝናብ የለም ብላለች ዛሬ።»

«ዛሬ ከጎማው ክምር ኋላ ቁም።»

«ከዚያ ሆኜ ማን ያየኛል?»

«ባንዲራው ይታያል። አንተ ግን ከኋላ ሁን። እባክህ።»

ባንዲራ ያዡ ፊቷን አየና ሣቁን ተወ። «የምታውቂው ነገር አለ እንዴ?»

«ምንም። ብቻ ከኋላ ሁን።»

ከማሟሟቂያው በኋላ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ከዚያ ቦታ የጥይቱ ድንኳን ጀርባ ይታያል። መኪናዋን አዙሮ አስገባት። ግራና ቀኙን አየ። ተንበረከከ። ለካ፤ እንደገና ለካ። ከዚያ አንገቱን ሲነቀንቅ፣ ራሱን በራሱ ሲያናግር አየችው፤ ምን እያለ እንደሆነ ሳትሰማው ታውቀዋለች። ከንፈሩ ላይ ቀይ ነገር ብልጭ አለ። ንፋሱ ሲወጣ የሚያሰማውን ጩኸት አጥሩ ድረስ ሰማችው፤ ወይም የሰማች መሰላት። ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው እየተንፏቀቀ ዞረ።

ብትሮጥ ትደርስበት ነበር። ብትጮህም ይሰማት ነበር። እጇ አጥሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

የክብር እንግዳው ስለ ስፖርት ጥቅም ተናገረ፤ ከዚያ ስለ መንገድ ደኅንነት፤ ከዚያ ስለ ራሱ ወጣትነት። ጎማዎቹ በብርዱ ቆሙ። ፒንሳ በዕድሜዋ ንግግር እንዲህ በጥሞና አዳምጣ አታውቅም።

ባንዲራው ወረደ። ጥይቱ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ፤ የመጀመሪያውን ዙር መሪ ሆኖ ጨረሰ። አክስቷ ከሰዎቹ መሀል ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ ሦስተኛው ኩርባ ሲገባ፣ የመኪናዋ አፍንጫ እምቢ አለ። የፊት ግራው ጎማ ተጣጠፈ፤ ቸርኬው አስፋልቱን ፋቀና ብልጭታ ረጨ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ወጣች፤ ጠጠሩን እያረሰች የጎማው ክምር ውስጥ ተቀረቀረች። ወንበሩ ተሰባብሮ በአየር ላይ በረረ። ከክምሩ ኋላ ቢጫው ባንዲራ ብድግ ብሎ ሲውለበለብ ፒንሳ ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

ጥይቱ አንዳች ሳይሆን ወጣ። የራስ ቁሩን ወርውሮ እየጮኸ መጣ። «እሷ ናት! የአባቷን ሥራ ሠራችልኝ! ዘር ከልጓም ይስባል! ጎዶሎ ንፋስ ሰጥታ ልትገድለኝ!»

ሰው ተሰበሰበ። ዳኛው ዣንጥላውን አጠፈ፤ ዳኛው ዣንጥላ ሲያጥፍ ያየ ሰው ብዙ አልነበረም። «ለኩ» አለ። ደህና የነበሩት ሦስት ጎማዎች ተለኩ። ሮጠው ሞቀው እንኳን ሃያ አልሞሉም።

«ጠዋት የሰጠችህን በዓይኔ አንብቤያለሁ» አለ ዳኛው። «የት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ያፈሳል! ቫልቩን ነካክታዋለች!»

ፒንሳ ተንበርክካ አራቱን ክዳን ፈታችና የዳኛው መዳፍ ላይ አስቀመጠች። ጠዋት ፊት ለፊቱ ከጥቅል የወጡት ቀይ ክዳኖች ጎናቸው ተጨፍልቆ፣ የጥርስ ምልክት ታትሞባቸዋል። ከዚያ ከቦርሳዋ ጣሳዋን አወጣች። ሦስቱን ጥቁሮች ከቀዮቹ አጠገብ ደረደረች። ዳኛው ብዙ ጊዜ አያቸው። ሰዎቹም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከመሀል አንድ መካኒክ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ክዳን አይነከስም ይል ነበር አባ ንፋሱ» አለ፤ ማንም አልሣቀም።

ጥይቱ ፊቱ አመድ መሰለ። «እንደማላምናት አውቃ ነው!» አለ። «አውቃ ነው ያደረገችው!»

«ምን አልኩህ?» አለች ፒንሳ።

«አትንካው አልሽኝ።»

«ታዲያ?»

«ፈገግ ብለሽ ነበር!»

ይሄኔ ሣቁ ፈነዳ። ሰው ሁሉ፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት እንኳን ሳይቀሩ፣ ፈገግታ የጎማ ንፋስ ሲቀንስ አየን ብለው ሣቁበት። ጥይቱ በዚያ ቀን ከተናገረው ሁሉ አንዱ እውነት ይኸው ነበር፤ ያመነው ግን አልተገኘም። የትልቁ ቡድን ሰዎች ወንበራቸውን አጥፈው ሄዱ። አክስቷ ልጇን በክንዱ ይዛ ስትወስደው በፒንሳ አጠገብ አለፈች፤ ቆመችም።

«መርቄሽ ነበር እኮ» አለቻት።

«አሜን ብያለሁ» አለች ፒንሳ።

በማግስቱ ባንዲራ ያዡ እያነከሰ ቤታቸው መጣ፤ ዳኛው የላከውን የአባ ንፋሱን ባጅ ይዟል። አባቷ ባጁን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። የገዛ ፎቶውን አየ። አንገቱ ላይ ሊያጠልቀው ክሩን ከፍ አደረገ።

«ዳኛው ራሱ ይቅርታ ሊጠይቅ ይመጣል» አለ ባንዲራ ያዡ። «እኔ ግን ላመሰግን ነው የመጣሁት። ልጅህን! ጠዋት መጥታ ከጎማው ክምር ኋላ ቁም ባትለኝ ኖሮ ሁለተኛዋ እግሬም ዛሬ የአየር ሁኔታ ትናገር ነበር። ወንበሬን ባየኸው! ጥርስ መጎርጎሪያ ሆኗል!»

የአባ ንፋሱ እጅ ክሩን እንደያዘ ቆመ።

«ጠዋት ነው ያለችህ?»

«ጠዋት! ገና ማሟሟቂያው ሳይጀመር።»

እንግዳው ተሸኝቶ ሄደ። ባጁ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አባቷ ወደ መስኮቱ ተመልሶ ተቀመጠ። በመንገዱ ላይ አንድ መኪና አለፈ፤ ስለ ጎማው ምንም አላለም።

«ንፋሱን በልክ ሰጥተሽዋል» አለ በመጨረሻ።

«በልክ።»

«አትንካው ብለሽዋል።»

«ዳኛው ሰምቷል።»

«እንደሚነካው ግን ታውቂ ነበር።»

ፒንሳ ዓይኑን አየችው። «አዎ፣ አባዬ።»

«ቢሞትስ?»

ይህን ለራሷ ጠይቃው ነበር፤ አጥሩ ላይ ሆና፣ ንግግሩ ሲረዝም። «አልሞተም» አለች።

«ከባንዲራ ያዡ ሌላ ስንቱን ሰው ከኋላ አቆምሽ?»

አባቷ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ለእህቱ ደወለ። ጠራ፤ ጠራ፤ አልተነሣም። ስልኩን በቀስታ አስቀመጠው። ባጁን ወሰደና ሳያጠልቀው ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ነገ ሜዳ እሄዳለሁ» አለ። «መለኪያዬን መልሺልኝ። ያቺን ጣሳ ደግሞ ጣያት። ስሜን መልሰሽልኛል፤ ከእንግዲህ ምን ትሠራልሻለች?»

«እሺ» አለች።

ወደ ጎማ ቤቱ ወረደች። ጣሳዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ወዘወዘቻት። ድሮ በሦስት ክዳን ታቃጭል ነበር፤ አሁን ዳኛው ከመለሰላት ቀዮች ጋር ሰባት ሆነው ድምፅዋ ወፍሯል። የቆሻሻው በርሜል በሩ አጠገብ ነበር፣ ክፍቱን። ፒንሳ በአጠገቡ አልፋ ጣሳዋን መደርደሪያው ላይ፣ ከማጣበቂያዎቹ ኋላ፣ ድሮ የነበረችበት ቦታ መለሰቻት፤ ከዚያ ኮምፕረሰሩን አስነሣች።